ከወንዙ ዳር «ደህና ነን» ያልኩበት ጉዞ

ከአላስካ ከተመለስኩ ወዲህ በምኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ድብ አየህ ወይ?» አይቻለሁ። መስጊድ በር ላይ ቆሜ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ወረፋ ይዤ፣ ባስ ላይ ተንጠልጥዬ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ቆራርጬ እንዳወራሁት የማውቀው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ባለቤቴ ዘይነባ «ጻፈውና ተገላገል» አለችኝ። እናንተ እዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ እኔም ሁለተኛ አልሄድም። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ ቀን በቀን፣ የፈራሁትንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ሰዒድ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። አገር ቤት የካርታ ሥራ ተምሬ፣ ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ፣ ስድስት ዓመት ፓርኪንግ ከሠራሁ በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማትርቅ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የካርታ ድርጅት ቀጠረችኝ። ሥራዬ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን ኮምፒውተር ላይ እያየሁ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር መሳል ነው። ተራራ በቀን ሦስት እሠራለሁ፣ ከወንበሬ ግን አልነሳም። እንደኔ ላለ ፈሪ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነበር።

ከጎኔ ያለው ወንበር የጋሽ ይመር ነው። እሳቸውም የደሴ ሰው ናቸው፤ ስልሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ድርጅቱ ውስጥ ከሁላችንም በፊት የገቡ ናቸው። አላስካ በሄድኩበት ዓመት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ቅዳሜ በማለዳ ቤቴ መጥተው ያረዱኝ እሳቸው ናቸው። መስክ የወጣ ሠራተኛ በየቀኑ ቢሮ መደወል አለበት፤ ያንን ስልክ አንስተው መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩትም እሳቸው ናቸው።

በሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ድርጅታችን አላስካ ውስጥ ሰው የማይኖርበትን የአንድ ወንዝ ሸለቆ ካርታ እንዲሠራ ሥራ አገኘ። የነበረው ካርታ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ወንዙም ከዚያ ወዲህ መሄጃውን ለውጧል። ፎቶግራፉ ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው እዚያው ሄዶ፣ ጂፒኤስ መሬት ላይ ተክሎ፣ «ይህች ነጥብ ከፍታዋ ይህን ያህል ነው» ብሎ መለካት አለበት። መሄድ የነበረበት ልጅ ሚስቱ ልትወልድ ደረሰች። አለቃችን ዳን ወደኔ ዞሮ «ሰዒድ፣ ትችላለህ?» አለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። «ችግር የለም» አልኩት።

አንደኛ ቀን

ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ዘይነባ አንድ ኪሎ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ አሰናድታ ሻንጣዬን ሞላችው። «እዚያ የሚበላ ነገር የለም» አለችኝ፣ ሄዳ ያየችው ይመስል። ኤርፖርት ስደርስ ፍተሻው ላይ በሶው ያዘኝ። ጓንት ያደረገ ሰውዬ ዱቄቱን ከፍቶ አሸተተው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ሌላ ሰው ጠራ። ላብ አጠመቀኝ። ዊልቸር የምትገፋ አንዲት አበሻ ከኋላዬ ደርሳ «ወንድሜ ምን ይዘህ ነው?» አለችኝ። ስነግራት እየሳቀች ለሰዎቹ ገብስ መሆኑንና እሷም ለቁርስ እንደምትበላው አስረዳቻቸው። ለቀቁኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

ከዳን ጋር ሁለት አውሮፕላን ቀያይረን ማታ አላስካ ገባን። ማታ አልኩ እንጂ ፀሐይዋ ገና አለች። መግሪብ እስኪደርስ ብጠብቅ ብጠብቅ አልጠልቅም ብላ ሰማዩ ጫፍ ላይ ተንቀራፈፈች። ደሴ ጦሳ ተራራ ጀርባ ገባች ካሉ ገባች ነው፤ እዚህ ግን ማንንም የማትሰማ ፀሐይ ናት ያለቻቸው። ዳን ስልሳ ሊሞላው የተቃረበ ዝምተኛ ሰው ነው። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ መጥቷል። እኔ መስኮት ሳይ እሱ ያንኮራፋ ነበር።

ሁለተኛ ቀን

በትንሽ አውሮፕላን መንገድ የማይገባባት አንዲት መንደር ደረስን። ያደርነው ሩት የሚባሉ የአገሬው ተወላጅ አሮጊት ቤት ነው። እራት የዓሣ ሾርባ አቀረቡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ሆኖም «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳቸው፤ ሁለተኛ እንዲለምኑኝ ነው። ሰሃኑን አንስተው ሄዱ። ዳን ሁለት ሰሃን ሲጨርስ እኔ ግድግዳ ላይ ያለውን የድብ ቆዳ አያለሁ። ጥፍሩ የእጄን ጣት ያህላል።

ሊተኙ ሲሉ ተመልሰው መጡና ሰሃኑን ፊቴ አስቀመጡ። «አፍህ ጠግቤያለሁ አለ፤ ዓይንህ ግን ድስቱን ይከተላል» አሉኝ። አፈርኩ፤ በላሁም። ሲነጋ ከራሳቸው ላይ የሱፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ወሎም ቢሆን ከዚህ የበለጠ እንግዳ አይቀበልም።

ሦስተኛ ቀን

ሄሊኮፕተሩ አንድ ሰዓት ያህል በረረ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ቤት፣ አንድ ጭስ፣ አንድ የእግር መንገድ አላየሁም። ታች ጥድ፣ ረግረግና ግራጫ ወንዝ ብቻ ነው። ወንዙን አውቀዋለሁ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ሦስት ወር ስስለው ነበር። እዚያ የጣቴን ያህል ነበር። ከላይ ሲታይ ግን እንደ ተፈታ የሴት ሹሩባ በየአቅጣጫው ተበትኖ ሸለቆውን ሞልቶታል።

አብራሪው አውርዶን፣ በስምንተኛው ቀን እንደሚመለስ ነግሮን ተነሳ። ድምፁ ከጠፋ በኋላ የመጣውን ጸጥታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። አገር ቤት መለኪያ ተክለን ገና ሳንጨርስ ሰው ይከበናል። ከየት እንደመጣ ሳናውቅ አንዱ የወንዙን ስም ይነግረናል፣ አንዱ የለም ስሙ ሌላ ነው ብሎ ይከራከራል፣ አንዷ ውሃ ታመጣለች። ገደል ብትገባ እንኳ የሚያወጣህ ሰው ከላይ ይጮሃል። እዚህ ብጮህ ማን ይሰማኛል? 

ዳን ሕጉን ነገረኝ። ምግብ ከድንኳን ርቆ በብረት ሳጥን ይቀመጣል። ስትሄድ እያወራህ ሂድ፣ ድብ ሳያስብህ አትድረስበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሳተላይት ስልክ ቢሮ ይደወላል፤ አሌክሳንድሪያ ያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ካልደወልን ባትሪ ነው ብለው ይታገሣሉ፤ ሁለት ቀን ካልደወልን ሰው ይልካሉ። «ይመር ያንተ ወዳጅ ነው፣ አንተ ደውል» ብሎ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ።

አራተኛና አምስተኛ ቀን

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ነጥቡ ላይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ትተክላለህ፣ የጂፒኤሱን መቀበያ ትሰቅልበታለህ፣ አራት ሰዓት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። መጠበቁ ነው የገደለኝ። ትንኙ ፊቴን አሳበጠው። ጥድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እነሳለሁ። የድብ መርጫውን ቆርቆሮ፣ ዓይኑ ላይ የሚነፋ በርበሬ ነው፣ ከእጄ አልለይም፣ ስሰግድ እንኳ ከፊቴ አስቀምጠዋለሁ። ዳን በሶዬን ቀምሶ ወደደው። ድርቆሹን ግን አኝኮ ሲያበቃ «ይህ የሚበላ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጠዋት ጠዋት ለጋሽ ይመር ስደውል ሮሮዬ አያልቅም። ትንኙ ጨረሰኝ፣ ጫማዬ ረጠበ፣ ጀርባዬ ተቆረጠ፣ ይህ ሰውዬ ቡናው ውሃ ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው ይስቃሉ። «አብሽር ሰዒዶ፣ ካርታ ወንበር ላይ የሚበቅል መስሎህ ነበር?» ይሉኛል። የዚያች ሁለት ደቂቃ ሳቅ ቀኑን ሙሉ ታበረታኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ድቡን አየሁት። ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቡናማ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ አለው። ቆሞ አየንና ምንም እንዳላየ ሰው ጎንበስ ብሎ ፍሬ መልቀሙን ቀጠለ።  ዳን «ማዶ እስካለ ድረስ ምንም የለም» አለ። ችግሩ የመጨረሻው ነጥባችን ማዶ ነው።

ስድስተኛ ቀን

ማልደን ወንዙን ልንሻገር ተነሳን። ማታ ዘንቦ ስለነበር ውሃው ከፍ ብሏል። እኔ ሲጀመር ፈራሁ፤ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፣ ዳን «ደህና ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ አሥር እርምጃ ከኋላ ገባን።

መሃል ላይ ሲደርስ የረገጠው ድንጋይ ተገለበጠ። ሲወድቅ አየሁት። ውሃው ተሸክሞት ከአንድ ግንድ ጋር አላተመው። ቦርሳው ከጀርባው ወልቆ ሄደ። በቦርሳው ውስጥ የስልኩ ትርፍ ባትሪና በአደጋ ጊዜ ሰው የሚጠራ ቀይ መሣሪያ ነበሩ። እኔ መዋኘት አልችልም። እንዴት እንደደረስኩበት እስካሁን አላውቅም፤ በአንገትጌው ይዤ፣ የያዝኩትን የአላህ ስም ሁሉ እየጠራሁ ወደ ዳር ጎተትኩት። ጠጠሩ ላይ ሳስተኛው ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፤ አጥንቱም ሥጋውን ቀዶ ወጥቷል። ደሙ ጠጠሩን አቀላው።

በቀበቶዬ አሰርኩት፤ የረጠበውን አውልቄ የኔን ጃኬትና የሩትን ኮፍያ አለበስኩት። ዳን ጥርሱን ነክሶ «ስልኩ» አለ። ደረት ኪሴ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር አልረጠበም። ባትሪው ላይ የቀረችው አንዲት መስመር ናት። «ሰዒድ ስማኝ» አለኝ። «የመጀመሪያው ቃልህ ይህ ይሁን፤ ዳን ቆስሏል፣ ሄሊኮፕተር አሁኑኑ። ሌላ ምንም አትጨምር።» ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስት ጊዜ በትክክል ደገምኩት። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደወልኩ።

«ሰዒዶ! አሰላሙ አለይኩም! እንደምን አደርክ?»

«ወአለይኩም ሰላም ጋሽ ይመር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዳንስ? ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነው። ደህና ነን። ልብዎ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«እየወሰድኩ ነው። ብርዱስ?»

«ምንም አይል። ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆቹስ? እርስዎ ግን ደህና ነዎት?»

«አልኩህ እኮ፣ ደህና ነኝ።»

ይህን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ የዳንን አጥንት እያየ አፌ ለብቻው ሰላምታውን ይመልስ ነበር። ልባቸው ድንገት እንዳይቆም ቀስ ብዬ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ለታላቅ ሰው ክፉ ወሬ እንደሚነገረው ልነግራቸው ነው እንግዲህ። አሁን ልበል ብዬ ትንፋሽ ስወስድ ስልኩ ጥቁር ሆነ።

ተጫንኩት። ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁት። ባትሪውን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩት። ምንም የለም። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼ አላውቅም። ዛሬ «ደህና ነን» ብያለሁ። ነገ ባልደውል ባትሪ ነው ይላሉ። ከነገ ወዲያ ባልደውል ሄሊኮፕተር ይልካሉ። ዳን ደግሞ ከነገ ወዲያ የሚደርስ ሰው አይመስልም።

«ነገርካቸው?» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ።

«አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ። እየመጡ ነው» አልኩት።

ፊቱ ላላ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው አለቀስኩ።

ድንኳኑ ከዚያ ሩቅ ነው፤ ትቼው መሄድ ደግሞ አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ በላስቲክ የቋጠርኩት በሶ ነበር። ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ጨምሬ በጠበጥኩና በጣቴ ከንፈሩ ላይ አደረግኩለት። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከጀርባው ተኝቼ አቀፍኩት፤ አለቃዬን እንዲህ አቅፈዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡን ተወ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። እንዳይተኛብኝ አወራዋለሁ። ስለ ደሴ፣ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ዘይነባ ቁጣ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው?» ይለኛል፤ «አዎ» እለዋለሁ፤ ሐሙስ ነው።

ደሙን ያሸተተ መሆን አለበት፣ ድቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ማዶ ታየ። ከዚያ ወደ ውሃው ገባ። ለኛ ያን ያህል የከበደን ወንዝ ለሱ እስከ ሆዱ እንኳ አልደረሰም። መርጫውን ቆርቆሮ ዳንን ስጎትት ወንዙ ወስዶታል። ተነሳሁ። ዳን እንዳለኝ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ፤ በአማርኛ ነው፣ ሌላ ቋንቋ ጠፍቶብኛል። «ሂድ! በአላህ ሂድልኝ! ሰውዬው የልጆች አባት ነው! እኔም ነኝ!» እያልኩ ጠጠር እወረውራለሁ። መሃል ወንዝ ላይ ቆመ። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ድቡ ጆሮውን ወደ ሰማይ ሲያዞር እኔ ገና ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ዞሮ ሮጠ። ቀጥሎ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ መጣ።

ያላበድኩት በአላህ ቸርነት ነው። ማንም ሳይጠራው፣ በስድስተኛው ቀን፣ ምን ሊያደርግ መጣ? አብራሪው ወርዶ የቁስለኛ መሸከሚያ አልጋ ሲያወጣ «ማን ላከህ?» አልኩት። «ቢሯችሁ» አለኝና ወደ ዳን ሮጠ።

ሰባተኛ ቀንና መመለስ

ዳንን ያንኑ ቀን ቀዶ ጥገና አደረጉለት። በማግስቱ ስጠይቀው እግሩ ተሰቅሎ፣ ፊቱ ነጥቶ፣ ግን በሕይወት ተኝቷል። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ቢጨምር ኖሮ አይተርፍም ነበር ብሎታል። ዳን እጄን ይዞ «የነገርኩህን በትክክል ስለተናገርክ አመሰግናለሁ» አለኝ። ያን ጊዜም «ምንም አይደል» ልል ነበር። አፌን ያዝኩት። «አልተናገርኩም ዳን» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።  «ታዲያ ሄሊኮፕተሩ?» አለ። እኔም የማውቀው ነገር የለም።

ሩት ወሬውን ሰምተው በአውሮፕላን የደረቀ ዓሣ ልከውልኛል። ኮፍያቸውን ልመልስ ብዬ ብጠይቅ «ይዘኸው ሂድ፣ አገርህ ይበርዳል» ብለው መልስ ላኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚያቃጥል ማን ይንገራቸው።

ቤቴ ከገባሁ በሁለተኛው ቀን አሌክሳንድሪያ ቢሮ ሄድኩ። ጋሽ ይመር ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከተቃቀፍን በኋላ መዝገቡን ገልብጠው ገፉልኝ። በዚያ በሐሙስ ረድፍ ላይ በእጃቸው የተጻፈው ይህ ነው፤ «ሁለቱም ደህና ናቸው ብሏል። አላመንኩትም። ሄሊኮፕተር ጠይቄያለሁ።»

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ሌላ ቀን ትንኙ በላኝ፣ ጫማዬ ረጠበ ትለኝ ነበር። ያን ቀን አንድ ሮሮ የለም። ብርዱስ ብልህ ምንም አይል አልከኝ። አንተ! በነሐሴ ኤሲ በረደኝ የምትል ሰውዬ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ደግሞ ድምፁን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እናትህ ካረፈች በኋላ፣ መርዶውን ይዘን እስክንመጣ፣ እዚህ ጎኔ ተቀምጠህ በየቀኑ ‹ከደሴ ምን ሰሙ? እናቴ እንዴት ናት?› ትለኝ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ ‹ደህና ናት› ያልኩህ በዚያ ድምፅ ነው። የራሴን ድምፅ በስልክ ስሰማው አጣዋለሁ?»

መርዶውን ከመንገራቸው ሃያ ቀን በፊት ያውቁ እንደነበር እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።  «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሽ ይመር?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሁለታችንም ወደ ኮምፒውተራችን ዞርን። ካርታው ወጥቷል፤ ዳን በዱላ እየሄደ ወደ ሥራ ተመልሷል። እኔ የሰው የእግር መንገድ ወደሌለበት ቦታ አልሄድም ብያለሁ፣ በግልጽ። ጋሽ ይመር ግን ከዚያ ወዲህ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋራጄ ውስጥ ሆኜ ብደውል እንኳ፣ ስልኩን ሲያነሱ «ደህና ነህ?» አይሉኝም። «ምን ሆንክ?» ነው የሚሉኝ።